የእትዬ ዘሐራ ሁለት መስኮቶች

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ኮምቦልቻ አንድ ባንክ ገብቼ ነበር። ደብተሬ ላይ ያለው ፎቶ ከፊቴ ጋር አልገጥም ብሎ ቀይሪ ተብዬ ነው። በፎቶው ላይ ያለችው ሴት ጸጉሯን ተተኩሳ፣ የሱፍ ኮቷን ደርባ፣ ግማሹን ደሴ የገዛች ትመስላለች፤ ከመስታወቱ ፊት የቆመችው ደግሞ ዱላ የያዘች አሮጊት ናት፤ ቢምታታባቸው አይፈረድም። የባንኩ ሠራተኛ ልጅ ሥራዋን ስትጨርስ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችና፣ «ይኸው እማማ፣ በግራ የድሮው፣ በቀኝ አዲሱ፤ ስምዎ ትክክል መሆኑን ይዩልኝ» አለችኝ። አንደኛውን መስኮት በማውሷ ገፋ ስታደርገው ሄዶ የስክሪኑን ዳር ተደገፈ፤ ሁለተኛውን ስትገፋው መጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ። እንዲህ በቀላሉ። እኔ ስሜን ማየት ትቼ በሁለቱ መካከል ያለችውን ቀጭን መስመር እያየሁ ቀረሁ። «ልዝጋው እማማ?» አለችኝ። «አሳርፊው» አልኳት። «ምኑን?» አለችና ግራ ገብቷት ወንበር አሳየችኝ። ዓይኔ እንባ ማቅረሩን ያየች አንዲት ተሰላፊ ደግሞ፣ «አብሽሩ እናቴ፣ ገንዘብዎ የትም አይሄድ» ብላ አጽናናችኝ።

ያቺ «አሳርፊው» የምትል ቃል የኔ አይደለችም። የእትዬ ዘሐራ ናት፤ በእሳቸው ቋንቋ አላህ ጀነት ይስጣቸውና። የእሳቸውን ነገር ለመናገር ግን እኔ እንዴት መስኮት ደርዳሪ እንደሆንኩ ማስቀደም አለብኝ።

ኮምፒዩተር የተማርኩት ደሴ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ሻይ አምሳ ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ ሃያ አምስት ሳንቲም የነበረበት ጊዜ ነው በቃ። የወታደሩ መንግሥት ሄዶ፣ አዲሶቹም ሰንብተው አዲስነታቸው ሊያልቅ ያለበት፤ ወንዱ ሁሉ ሁለት ሰው የሚይዝ ጅንስ የሚጎትትበት፤ እኛ ሴቶች ከላይ አጭር ጃኬት፣ ከታች ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጉርድ የለበስንበት ዘመን። እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ታይፖቻችን በጋሪ ተጭነው ወደ መጋዘን ሲሄዱ እኛ ጸሐፊዎቹ እንደ ቀብር ተከትለን እስከ ግቢው በር ሸኘናቸው፤ ብዙም ሳይቆይ «ኮምፒዩተር ተማሩ» ተባልን። ማሠልጠኛው አንድ ሰፊ ክፍል ነበር። ጫማ ውጭ ይወለቃል። ኮምፒዩተሮቹ አቧራ እንዳይነካቸው ዳንቴል ለብሰው ይሞቃቸዋል፣ እኛ በዚያ በደሴ ብርድ በካልሲ ሲሚንቶ ላይ እንንቀጠቀጣለን። አሠልጣኛችን ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጫጫ ልጅ ነበር፤ ከመናኸሪያ የተቀበለው ጉንፋን እስኪመለስ አልለቀቀውም። እንግሊዝኛው እንደማይገባን ሲያይ የራሱን አማርኛ ፈጠረልን። ብዙ መስኮት ስትከፍቱ፣ አለ እያነጠሰ፣ ሦስት አሰላለፍ አለ፤ አንዱን ባንዱ ላይ ገለጥ አድርጎ መደርደር «መነባበር» ነው፤ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ማድረግ «ፎቅና ምድር» ነው፤ ግራና ቀኝ ማስቀመጥ «ጎን ለጎን» ነው። መስኮቱን ሳይዘጉ ከታች ወዳለው ሰማያዊ መስመር ዝቅ ማድረግም አለ፤ እሱን ግን ምን ብሎ እንደሚተረጉመው ጠፍቶት «ሚኒማይዝ» ብሎ ተወው። ከክፍላችን አንዷ «መስኮቱን ክፈቱ» ሲል ተነሥታ የክፍሉን መስኮት ከፍታ ብርዱን አስገባችብን እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። እኔ ነኝ። የከፈትኩት ግን ለአየር ብዬ ነው።

ኋላ መሥሪያ ቤቱ ሰው ሲቀንስ እኔም ከተቀነሱት ሆንኩና፣ ከፒያሳ ትንሽ ራቅ ብሎ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ካሴት ቤት መካከል ጠባብ ክፍል ተከራይቼ «የሺ ጽሕፈትና ኢንተርኔት» የሚል ሰሌዳ ሰቀልኩ። ደቂቃው መጀመሪያ አምሳ ሳንቲም ነበር፣ በኋላ ሃያ አምስት ገባ። ክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም በሬ ላይ መጥቶ ይቆምና ልግባ አልግባ የሚል እንግዳ ይመስላል። ካሴት ቤቱ አንዲቷን ትዝታ ጧት ከጀመራት ማታ ነው የሚተዋት፤ ልብስ ሰፊው ሲመረው መቀሱን እንደያዘ ይወጣና «ወይ እሷን ቀይር ወይ እኔን ገላግለኝ» ይለዋል። ዛሬ በዚያ ቤት የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል፤ ካሴት ቤቱም ልብስ ሰፊውም የሉም፤ እኔም የደሴ ብርድ ጉልበቴን ሲበላው ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ያኔ ግን ቤቴ ሞልቶ ይውል ነበር። የሚሞላውም በወጣት እንዳይመስላችሁ፤ በእናቶች ነው። ልጆቻቸው ጂዳ፣ ቤይሩት፣ ካርቱም የሄዱባቸው እናቶች ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ይገባሉ፤ ልጆቹ የጻፉትን አነብላቸዋለሁ፣ የሚሉኝን እጽፍላቸዋለሁ። ልጆቹ አማርኛውን የሚጽፉት በፈረንጅ ፊደል ስለነበር አንዳንዷ ስክሪኑን አይታ «ልጄን ፈረንጅ አደረጓት እንዴ» ብላ ትደነግጥ ነበር።

እትዬ ዘሐራ መጀመሪያ የመጡት አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው። ቀጠን ያሉ፣ ጥቁር ሻሻቸውን አጥብቀው ያሰሩ፣ ኮምቦልቻ ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ነው የመጡት። «ኮምቦልቻ ኢንተርኔት ቤት የለም እንዴ እትዬ? ይህን ጠመዝማዛ ሁሉ ምን አስወጣዎት?» አልኳቸው።

«አለ። ግን የሚሠራበት የጎረቤቴ ልጅ ነው። እኔ ቤቴ ሳልደርስ ጉዴ ሰፈር ይደርሳል» አሉኝ። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡና፣ «ሁለት ልጆች አሉኝ የሺ። በአንድ መሶብ ያደጉ ናቸው። ዛሬ ሰላምታ የላቸውም። ሳልሞት አፉ ቢባባሉልኝ ሌላ ምንም አልለምን» አሉ። አፉ መባባል ማለት በእስላሙ ወሎ ይቅር መባባል ማለት ነው፤ እኛም ክርስቲያኖቹ እንለዋለን።

የጠባቸው መነሻ መርዶ ነው። ባለቤታቸው ሲሞቱ ልጃቸው ሰዓዳ ጂዳ በሰው ቤት ሥራ ከተቀጠረች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነበር። በአገራችን ደንብ ሩቅ ያለ ሰው ሐዘኑን ብቻውን አይሰማም፤ ጊዜ ተጠብቆ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኩቶ ነው የሚነገረው። ትልቁ ልጅ ጀማል «እህቴ በባዕድ ቤት ብቻዋን ምን ትሆናለች፣ እንዳይነገራት» አለ፤ ሁሉም ተስማማ። ልጅቷ በደወለች ቁጥር «አባዬስ?» ትላለች፤ ጀማል «ደህና ነው» ይላታል። አገናኘኝ ስትለው ተኝቷል፣ መስጊድ ሄዷል ይላታል። ለአባቷ ካፖርት ገዝታ ላከች፤ ጀማል «ልክ ሆነው» አላት። ዓመት ሊሞላው ሲል አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ጂዳ ገበያ ውስጥ አገኘቻትና የሰማች መስሏት «አላህ ያጥናሽ» አለቻት። እንዲህ መንገድ ላይ፣ ዘንቢል እንደያዘች። ሰዓዳ ለእናቷ ደውላ «እኔ ለሞተ ሰው ካፖርት ስመርጥ ነበር» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ለወንድሟ ድምፅ የላትም። እሱም ብዙ ሳይቆይ ሱዳን ወርዶ ካርቱም የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ።

«ዝም በሉ ያለው እሱ ነው፤ ዝም ያልኩት ግን እኔም ነኝ» አሉኝ እትዬ ዘሐራ። «እናት ላይ መጨከን ስላልቻለች ሁሉንም እሱ ላይ ጫነችው።»

ሁለቱም ዓርብ ከሰዓት ኢንተርኔት ላይ ለመጻጻፍ ይገባሉ። ለሰዓዳ የአሠሪዋ ልጅ ኮምፒዩተሯን በዚያን ቀን ታውሳታለች፤ ጀማልም ከሥራ የሚያርፈው ዓርብ ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ፣ ሁለት መስኮት ከፈትኩ። እንደ ልማዴ የሰዓዳን ከላይ፣ የጀማልን ከሥር አነባብሬ ማንበብ ስጀምር እትዬ ዘሐራ ስክሪኑን አተኩረው አዩና «ጀማል የት ሄደ?» አሉኝ።

«ከሥር ነው።»

«ልጄን በልጄ ላይ ትጭኛለሽ? አይሆንም፣ ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። ትልቁን በቀኝ።»

ጎን ለጎን አደረግኳቸው። አሁንም አልተደሰቱም። «አታጣብቂያቸው። መሐላቸው ትንሽ ቦታ ተይ» አሉኝ። ለምን ብላቸው «ለእኔ ነዋ» አሉ። ከዚያ እንደ ሕፃን አስረዱኝ፤ የተጣሉ ሰዎች ሲታረቁ ፊት ለፊት አይቀመጡም፤ ዓይን ለዓይን ከተያዩ ነገሩ ይታደሳል። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሽማግሌው መሐል ይገባል፤ መተያየቱ ለመጨረሻ ነው። እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝና ላርማቸው ሞከርኩ። «እትዬ፣ እነሱ አይተያዩም እኮ። ጎን ለጎን የሆኑት እዚህ እኛ ፊት ብቻ ነው። ደግሞ ሰዓዳ እሱን ዘግታዋለች፤ የሚጽፈው አይደርሳትም፣ ስሙም አይታያትም» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ዘጋችው አትበይ። ደጅ ይዘጋ የሚባለው ለጠላት ነው። እኔ ያለሁበት ቤት እንዲህ ያለ ቃል አይወጣም» አሉኝ። እንግዲህ ስንጨርስ መስኮቶቹን ምን ልበላቸው? ጨነቀኝና ወደ ሰማያዊው መስመር ዝቅ አደረግኳቸው። እትዬ ዘሐራ ልጆቻቸው ከታች ትንንሽ ሆነው ጎን ለጎን መቀመጣቸውን አይተው፣ «እንዲህ ነው። አሳርፊያቸው» አሉ። አሠልጣኛችን ያጣው ትርጉም እሱ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤቴ መስኮት ያርፋል እንጂ አይዘጋም።

ዓርብ ዓርብ መጡ። ሐረጎ በጉም ተይዞ ሚኒባሱ መብራት አብርቶ በሚሳብበት ቀን እንኳ አልቀሩም። ሰዓዳ የጻፈችውን ሳነብላቸው ወደ ቀኙ መስኮት ዞር ይሉና «ሰማህ?» ይሉታል ጀማልን። የጀማልን ሳነብ ወደ ግራው ዞረው «ሰማሽ?» ይላሉ። «አይሰማም እትዬ» እላለሁ እኔ በየጊዜው። «ይስማም አይስማም፣ ሽማግሌ ሁለቱንም ነው የሚያናግረው» ይሉኛል። የጀማል ነገር ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው የሚያልቀው፤ ስለ ሙቀቱ ይጽፋል፣ ስለ ጎማ ይጽፋል፣ በመጨረሻ «እህቴን አፉ በይው በያት» ይላል። ያን ወደ ሰዓዳ ስጽፈው ግራው መስኮት ጸጥ ይላል። ከዚያ አንዲት ነጥብ ትመጣለች። ሌላ ነገር የለም።

«ምን አለች?»

«ነጥብ ናት እትዬ። ምንም ማለት ነው።»

«ምንም ከሆነ ለምን ጻፈችው?»

ነጥቧ ለብዙ ወራት መጣች። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ እሳቸው አልቆረጡም። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው አንድ ዓርብ፣ ሰዓዳ ስለ አሠሪዋ ጽፋ ጽፋ ስታበቃ፣ ስም ሳትጠራ «እዚያ በረሃ ማን ነው የሚያበስልለት?» አለች። አነበብኩላቸው። እትዬ ዘሐራ «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩት፤ ሲወጡም ከጎረቤት ሳምቡሳ ገዝተው ላኩልኝ። ያን ሰሞን ካሴት ቤቱ የሚያጫውታት ትዝታ እንኳ አልመረረችኝም ነበር።

ረመዳን ገብቶ ሲጋመስ አንድ ዓርብ እንደ ወትሮዬ ሁለቱን መስኮቶች ጎን ለጎን አድርጌ፣ መሐላቸው ቦታ ትቼ ጠበቅኳቸው። የጀማል ጸጥ ብሏል። በሰዓዳ መስኮት ግን መልእክት ቀድሞ መጥቷል። «እማዬ ቶሎ ነይ። ዛሬ ለጀማል ከፍቼለታለሁ። እንዳትነግሪው። ኢድ ቀን በድንገት እኔ ራሴ ኢድ ሙባረክ እለዋለሁ።» ብድግ ብዬ ቆምኩ። ልብስ ሰፊው «ምን ሆንሽ?» ብሎ በበሩ ብቅ አለ፤ «ምንም፣ ደስ ብሎኝ ነው» አልኩት። ሚኒባሱ ዘገየ ብዬ ደጅ እየወጣሁ አየሁ።

እትዬ ዘሐራ ሲመጡ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ፊታቸው በአንድ ሳምንት አርጅቷል። እኔ በደስታዬ ሰክሬ ስለነበር አፌን ለምሥራች እንደከፈትኩ፣ «ጀማል አኼራ ሄደ የሺ» አሉኝ። መኪናው ከካርቱም ወጣ እንዳለ ተገልብጦ እዚያው እንደተቀበረ፣ ወሬው ለቤታቸው ማክሰኞ እንደደረሰ፣ ለቀስተኛውን ጥለው እንደመጡ ነገሩኝ። ወንድሞቻቸው ተሰብስበው ኮንትራቷ አልቆ እስክትመጣ ለሰዓዳ እንዳይነገር ወስነዋል። «ልክ እንደ አባቷ» አሉ። «እኔ ሁለተኛ አልደብቃትም። ብለምናቸው አልሰሙኝም፣ ስለዚህ ወዳንቺ መጣሁ።»

የሰዓዳን መልእክት ማንበብ ነበረብኝ። ደብቄ ባሳልፈው እነሱን መሆኔ ነው። አነበብኩላቸው። «እንዳትነግሪው አለች?» አሉኝ። «አዎ።» «እንዳትነግሪው» አሉ እንደገና ለራሳቸው። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እያዩት ቆዩ። ግራው መስኮት በዚህ መሐል ብልጭ አለ፤ «እማዬ አለሽ? የጀማል ስም አመድ መስሎ ነው የሚታየኝ። ዛሬ አልገባም እንዴ?»

«ምን ልጻፍላት?» አልኳቸው።

«መርዶ በመስኮት አይነገርም። መርዶ በበር ነው የሚገባው።»

«እንግዲያ ለዛሬ ደህና ነው ልበላት?»

ቀና ብለው አዩኝ። «እሱን ቃል ከቤቴ አውጥቻለሁ። ዛሬ አልመጣም በያት፤ እውነት ነው።»

ጻፍኩ። ሰዓዳ «ይሁን፣ ኢድ ሩቅ አይደለም» አለች። እትዬ ዘሐራ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ «ማታ ጥሩ አድርገሽ አፍጥሪ በያት። በጊዜ ተኚ በያት» አሉኝ። «ምነው እማዬ፣ ድምፅሽ ልክ አይደለም» አለች ልጅቷ፤ የምን ድምፅ፣ ፊደል የሚስተውን የኔን ጣት ነው የሰማችው። «ደክሞኛል በያት። ይህም እውነት ነው» አሉኝ።

ያኔ ሐዋ ትዝ አለችኝ። ሐዋ ከኩታበር የምትመጣ ደንበኛዬ ልጅ ናት፤ ጂዳ ብዙ የቆየች፣ ለአገሯ ልጅ ሁሉ እንደ እናት የሆነች። ሦስተኛ መስኮት ከፍቼ ከሁለቱ በላይ አደረግኩት፤ ለእንዲህ ያለው አሰላለፍ አሠልጣኛችን ስም አልሰጠንም። የሆነውን ሁሉ ጻፍኩላት። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ያኔ መብራት እንደ ፈለገው ነበር የሚመጣና የሚሄደው፤ እባክህ አንዲት ደቂቃ ታገሰኝ እያልኩ በልቤ እለምነዋለሁ። ሐዋ «ኢና ሊላሂ» አለች መጀመሪያ። ከዚያ ሰዓዳ ያለችበትን ቤት እንደምታውቀው፣ አሠሪዋን ራሷ በስልክ እንደምታስፈቅድ፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሁለት የወሎ ሴቶች ይዛ እንደምትሄድ ጻፈች።

«ቆማችሁ እንዳትነግሯት በያት» አሉ እትዬ ዘሐራ። «አስቀምጧት። አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ ትሁን።»

የሐዋን «እሺ» አንብቤ እንደጨረስኩ መብራት ሄደ። ሁሉም መስኮቶች አንድ ላይ ጠፉ። ጉሙ በሩ ላይ ቆሞ ስለነበር ክፍሉ ጨለመ፤ ካሴት ቤቱም ትዝታው ከመሐል ተቆርጦ ዝም አለ። ያን ጊዜ እትዬ ዘሐራ እስካሁን የያዙትን ለቀቁት። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ፤ አንድም ቀን ድምፁን ላልሰማሁት፣ ስለ ጎማና ስለ ሙቀት ሲጽፍልኝ ለከረመው ሰው። ልብስ ሰፊው ገብቶ ምንም ሳይጠይቅ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እትዬ ዘሐራ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረው እዚሁ ኮምቦልቻ በቤታቸው አረፉ። ሰዓዳ ተመልሳ መጥታ እጃቸውን ይዛ ነበር፤ ማንም ለማንም መርዶ መደበቅ አላስፈለገውም። እኔ ግን ሳስባቸው የሚመጡብኝ በዚያኛው ዓርብ ነው፤ ሰዓዳ መርዶዋን በሰማች በሳምንቱ። መብራት ነበር። መስኮቶቹን እንደ ወትሮው አስቀመጥኩ፣ ጀማልን በቀኝ፣ ሰዓዳን በግራ፣ መሐላቸው ክፍት ቦታ። ጀማልን ላስቀምጠው ወይስ ልተወው ብዬ ሳመነታ «የታለ?» ስላሉኝ ነው ያስቀመጥኩት። ሰዓዳ ቀስ እያለች መጣች። «በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ እማዬ። ሐዋን ሳያት ገባኝ። በቀኝና በግራ ያዙኝ።» እትዬ ዘሐራ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስላልደበቅሽኝ አላህ ይስጥሽ» አለች ቀጥላ። ከዚያ ደግሞ ብዙ ቆየች። ነጥብ ልትመጣ ነው ብዬ ፈራሁ። የመጣው ግን «ጀማልን አፉ ብዬዋለሁ በይው» የሚል ነበር።

አነበብኩት። እትዬ ዘሐራ ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ዞሩና ባዶውን የቀኝ መስኮት ትኩር ብለው አዩት።

«ሰማህ?» አሉት።

እኔ አይሰማም አላልኩም። ሰዓቱ ሲሄድ፣ እሳቸውም ሐረጎን ሳይመሽ መውረድ ስላለባቸው፣ እንደ ሁልጊዜው «ላሳርፋቸው እትዬ?» አልኳቸው።

«እሱስ አርፏል» አሉኝ። «እሷን አሳርፊልኝ።»